በልጅ አውራ ጣት የጠቆረው ዳዊት

አባባ መጽሐፉን ከማውረዳቸው በፊት እጃቸውን ታጠቡ። የልጅ ልጃቸው በጣሳ እያፈሰሰ አስታጠባቸው። በጋቢያቸው ጫፍ አደረቁና ከግድግዳው ኩላብ ላይ ማኅደሩን አወረዱ። ጊዜው ኅዳር ነው። ከመሐል ሜዳ ወጣ ብሎ ባለው በዚህ የመንዝ ጌራ መንደር የሌሊቱ ውርጭ እስከ ረፋድ ከሣሩ ላይ አልለቀቀም። ቤቱ እንደ አገሩ ወግ ግድግዳው ድንጋይ፣ ክዳኑ የጓሳ ሣር ነው። ምድጃው ላይ ኩበት ይጤሳል። ማኅደሩም ከዚያ ጢስ ጋር ኖሮ ኖሮ የተቆላ ቡና መስሏል።

መጽሐፉን አውጥተው ተሳለሙት፤ ግንባራቸውን አስነክተው እንደገና ተሳለሙት። ከዚያ ወደ እኔ አስጠግተው፣ «ይኸውልህ ልጄ፣ አባቴንም እኔንም ያስተማረን ይኸ ነው» አሉኝ።

ዳዊት ነው። በሁለት መዳፍ ላይ የሚያርፍ፣ ከቁመቱ ይልቅ ውፍረቱ የሚታይ የብራና መጽሐፍ። ሽፋኑ ሁለት የእንጨት ገበታ ሲሆን ፊተኛው ገበታ ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቆ አንድ ጊዜ በጅማት ተሰፍቷል፤ ስፌቱ ደግሞ በተራው ላልቷል። ጠርዙ ላይ ቀይና ሰማያዊ ክሮች ተንጠልጥለዋል። የት ላይ ምን እንዳለ ለማግኘት የተቋጠሩ ምልክቶች ናቸው። ገለጥ ሲያደርጉት የሰም ጠብታ፣ የጢስ ሽታ፣ ቀይና ጥቁር ቀለም አንድ ላይ ወጣ።

የመጣሁት ለሥዕሉ ነበር። ከመጀመሪያው መዝሙር ፊት ለፊት ንጉሡ ዳዊት በገና ይዞ የተሣለበት ገጽ እንዳለ ሰምቼ፣ እሱን ለማየት ነው ከደብረ ብርሃን ተነሥቼ በጣርማ በር በኩል መንዝ የወጣሁት። ሥዕሉን አየሁት፤ እመለስበታለሁ። ዓይኔን የያዘው ግን የቅጠሎቹ ጥግ ነው። የእያንዳንዱ ቅጠል የታችኛው የቀኝ ጥግ፣ አውራ ጣት ይዞ የሚገልጥበት ቦታ፣ ጠቁሯል። መጥቆሩም አንድ ዓይነት አይደለም። በመጀመሪያዎቹ አሥር መዝሙራት ላይ ብራናው የምጣድ ቂጥ እስኪመስል ጨልሟል። ወደ ሠላሳና አርባው ሲደርስ ይገረጣል። መቶውን ካለፈ በኋላ አንዳንዱ ጥግ ገና ትናንት የተፋቀ ይመስል ነጭ ነው። መጨረሻው ላይ፣ ውዳሴ ማርያም ዘንድ ሲደርስ፣ እንደገና ይጠቁራል።

አባባ ሳልጠይቃቸው ገባቸው። «መጀመሪያው ላይ ሁሉም ልጅ ገብቷል» አሉ። «ዘልቆ የወጣው ጥቂት ነው። አንዱን በግ ጥበቃ ይወስደዋል፣ አንዱን እርሻ። ውዳሴ ማርያሙ የእኛ የትልልቆቹ ነው፤ በየቀኑ የሚደገም።»

አንድ መንደር ውስጥ ስንት ልጅ ትምህርት ጀምሮ ስንቱ እንደዘለቀ የሚናገር መዝገብ በዚያ ዘመን አልነበረም። ያ ጥግ ግን መዝግቦታል። በአውሮፓ ይህን ጉዳይ በመሣሪያ የመረመረች ሴት አለች። ካትሪን ሩዲ የተባለች የሥነ ጥበብ ታሪክ ተመራማሪ የመካከለኛው ዘመን የጸሎት መጻሕፍትን ጥግ ዴንሲቶሜትር በሚባል የጥቁረት መለኪያ እየለካች፣ ባለቤቶቻቸው የትኛውን ጸሎት አዘውትረው እንደደገሙ፣ የትኛውን ሳይነኩ እንዳለፉ አሳየች። ጥናቷ በ2010 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ቤተ መጻሕፍት እንደ እድፍ የሚያዩት ነገር ራሱ ምንጭ ሆነ። ከመንዙ መጽሐፍ ፊት ተቀምጬ ያሰብኩት እሷን ነው። እዚህ መሣሪያም አላስፈለገ፤ ዓይን ይበቃል።

ዳዊት በዓለም ሁሉ የጸሎት መጽሐፍ ነው። በኢትዮጵያ ደገኛ አገር ግን ከዚያም በላይ የልጅ መጽሐፍ ነው፤ ለብዙ መቶ ዓመታት ልጅ ማንበብ የሚማርበት ዋናው መጽሐፍ ሆኖ ኖሯል። ነገሩ እንዲህ ነው። ልጅ መጀመሪያ ፊደል ይቆጥራል። ሀ ሁ ሂ እያለ ሰባቱን ቤት ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ይዘልቃል። ቀጥሎ አ ቡ ጊ ዳ ይመጣል፤ ያው ፊደል ተራው ተለዋውጦ ሲቀርብ፣ መልኩን ሳይለይ በቃሉ ብቻ ሸምድዶ ያለፈው ልጅ ይጋለጣል። ከዚያ ፊደለ ሐዋርያ፣ የዮሐንስ መልእክት ነው፤ እያንዳንዱን ፊደል በሥንደዶ እየነካ ይጠራዋል። ንባቡም ደረጃ አለው፤ ፊደል ፊደሉን እየጎተቱ የሚሉት ግዕዝ ንባብ፣ በዜማ የሚወርደው ውርድ ንባብ፣ በመጨረሻም ቃሉ በተገቢው ቦታ ተነሥቶ፣ በተገቢው ቦታ ወድቆ የሚነበብበት ቁም ንባብ። ተነሽ፣ ሰያፍ፣ ተጣይና ወዳቂ የሚባሉት ስልቶች እዚህ ላይ ይለያሉ። ይህን ሁሉ ይዞ ነው ልጁ ዳዊት ላይ የሚገባው። አንድ መቶ ኀምሳ አንዱን መዝሙር፣ ጸሎተ ነቢያቱን፣ መኃልየ መኃልዩን፣ ውዳሴ ማርያምና አንቀጸ ብርሃኑን ሲጨርስ «ዳዊት ደገመ» ይባልለታል። ያን ቀን ቤተሰቡ ድፎ ይደፋል፣ ጠላ ይጠምቃል፣ የኔታ ይመረቁበታል።

«ደገመ» የሚለውን ቃል ልብ በሉት። አማርኛ ለትምህርቱም ለጸሎቱም አንድ ቃል ነው ያለው። ልጁ ሲያጠናም ይደግማል፣ ሽማግሌው ጎሕ ሲቀድ ሲጸልይም ይደግማል። መጽሐፉ የተከፈለውም ለሁለቱም እንዲመች ነው። አሥር አሥሩ መዝሙር አንድ «ንጉሥ» ይባላል፤ ዳዊት አሥራ አምስት ንጉሥ ነው። ለየዕለቱም ተመድቧል፤ ሰኞ ከአንድ እስከ ሠላሳ፣ ማክሰኞ እስከ ስድሳ፣ ረቡዕ እስከ ሰማንያ፣ ሐሙስ እስከ መቶ አሥር፣ ዓርብ እስከ መቶ ሠላሳ፣ ቅዳሜ እስከ መቶ ኀምሳ፤ እሑድ የነቢያት ጸሎትና መኃልይ። መቶ አሥራ ስምንተኛው መዝሙር ላይ በየክፍሉ ራስ አሌፍ፣ ቤት፣ ጋሜል እያሉ ሃያ ሁለቱ የዕብራውያን ፊደላት በስማቸው ይጠራሉ። ከመንዝ ወጥቶ የማያውቅ የበግ እረኛ የዕብራይስጥን ፊደል ስም በተራ የሚያውቀው በዚህ ነው።

ልጁ ግዕዙን ይረዳዋል ወይ የሚለው ጥያቄ ሁልጊዜ ይነሣል። አብዛኛው አይረዳውም፤ ትርጓሜ ሌላ ቤት፣ ሌላ ዕድሜ ይጠብቃል። እኔ ግን ይህን እንደ ጉድለት ብቻ ለሚያዩት አልስማማም። ልጁ የሚማረው ዓይኑንና ጆሮውን ማገናኘት ነው። የኔታ መጽሐፉን ሳያዩ፣ ስድስትና ሰባት ልጅ በየራሱ ገጽ ሲጮኽ፣ የማን ቃል እንደተሰበረ ለይተው ያርማሉ። ጆሮ እንዲህ ሲሠራ ያየ ሰው ያ ትምህርት ባዶ ነው አይልም።

አባባ የተማሩት ከሁለት የአጎት ልጆች ጋር በአንድ መጽሐፍ ነው። መጽሐፉ መሐል ይቀመጣል፣ አንዱ ከፊቱ፣ ሁለቱ ከጎንና ከጎን። «እኔ ታናሽ ስለነበርኩ ወዲያ ማዶ ነበር የምቀመጠው። ዛሬም ገልብጠህ ብትሰጠኝ አነባለሁ» አሉ። ገልብጬ ሰጠኋቸው። ጣታቸውን ከግርጌ ወደ ላይ እየነዱ አነበቡ፤ አንድ ቦታ እንኳ አልተደናቀፉም።

*

እንዲህ ያለ መጽሐፍ የሚጀምረው ከጋጣ ነው። መንዝ የበግ አገር ነው። ሴቱ ጠጕሩን ይፈትላል፣ ወንዱ ባና ይሠራል፤ ብርዱን የሚችሉት በዚያ ነው። ለብራና የፍየልም የበግም ቆዳ ይሆናል። ቆዳው ውኃ ውስጥ ይዘፈዘፋል፣ ከዚያ በእንጨት መወጠሪያ ላይ እንደ ከበሮ ይወጠራል። ሥጋው ይፋቃል፣ ጠጕሩ ይላጫል፣ በሻካራ ድንጋይ ይታሻል፣ ፀሐይ ላይ ይደርቃል። በፍቂያው ጊዜ ቢላው ትንሽ ከሳተ፣ ወይም ከብቱ በሕይወቱ ሳለ መዥገር በልታው ከነበረ፣ ቆዳው ሲወጠር ያች ነጥብ ተለጥጣ ቀዳዳ ትሆናለች። በአባባ ዳዊት ውስጥ እንዲህ ያለ እንቁላል መሳይ ቀዳዳ ቆጥሬ አራት አገኘሁ። ጸሐፊው አልጣላቸውም፤ ቃሉን እስከ ቀዳዳው አፍ ይጽፍና ተሻግሮ ከወዲያ ይቀጥላል። ልጆቹ ቀዳዳው ላይ ዓይናቸውን ደቅነው የሚቀጥለውን ገጽ ሲያዩ እንደኖሩ፣ የቀዳዳዎቹ ከንፈር ወዝ ይመሰክራል።

ብራናው ተቆርጦ ይታጠፋል፤ ተጣጥፎ አንድ ላይ የሚሰፋው ክፍል ጥራዝ ይባላል። ከአንድ ጥራዝ ላይ ቃርሞ ሊቅ ነኝ የሚለውን ሰው አማርኛ «ጥራዝ ነጠቅ» የሚለው ከዚህ ተነሥቶ ነው። ጸሐፊው ጠርዙን በወስፌ ይወጋና ከነጥብ ወደ ነጥብ መስመር ያሰምራል፤ መስመሩ ቀለም የለውም፣ ብራናው ላይ የተጫነ ጭረት ብቻ ነው። ብርዑ መቃ ነው። ጥቁሩ ቀለም ከጥላሸት፣ ከተቆላ እህልና ከቅጠል ተወቅጦ፣ ወራት ተቀምጦ የሚበስል ነው። ቀዩ ለርእስና ለተከበረ ስም ይውላል።

የዳዊት አጻጻፍ ከሌላው መጽሐፍ ይለያል። ብዙው የብራና መጽሐፍ በሁለትና በሦስት ዓምድ ሲጻፍ ዳዊት በአንድ ዓምድ፣ አንዱ ሐረግ በአንድ መስመር ይጻፋል። ሐረጉ ከረዘመና ከመስመሩ ካለፈ፣ ጸሐፊው ሌላ መስመር አይጀምርለትም፤ የተረፈችውን ቃል ደቃቅ አድርጎ ከመጨረሻው በላይ ወይም በታች ይሸጉጣታል። አዲስ አንባቢ ልጅ የሚሰናከለው እነዚህ የተሸጎጡ ቃላት ላይ ነው። የአባባም አጎት በአንዱ ላይ ተሰናክለው ኩርኩም መቅመሳቸውን ሰማሁ፤ ቦታውን ከነገጹ ያውቁታል።

ጸሐፊው የዘለለውን መስመር በኅዳጉ ላይ ጽፎ በምልክት መልሶታል፤ የሳተውን ቃል በቢላ ፍቆ በላዩ ጽፏል። መጨረሻው ላይ ያጻፈው ሰው ስም አለ። ስሙ የሰፈረበት ቦታ ግን ከሌላው ብራና ይልቅ ሳስቷል፤ የፊተኛው ባለቤት ስም ተፍቆ የኋለኛው ተጽፎበታል። የአባባ አያት መጽሐፉን ሲገዙ አንድ ወይፈንና እህል እንደሰጡ በቤተሰቡ ይነገራል። ለአንድ የመንዝ ገበሬ ወይፈን ማለት ግማሽ ጥማድ ነው። ልጁ ፊደል እንዲለይ ብሎ ማረሻውን ያጎደለ ሰው ነው ያ ስም።

*

አሁን ወደ ሥዕሉ። ንጉሡ ዳዊት በዙፋኑ ተቀምጦ በገናውን በግራ ትከሻው አስደግፏል፤ ከጎኑ ጭራ የያዘ አሽከር ቆሟል። ዓይኖቹ ትልልቅና ሙሉ ናቸው። በእኛ የአሣሣል ወግ ጻድቅ ሰው ፊቱን ሙሉ ሰጥቶ በሁለት ዓይኑ ያያል፣ ክፉው በጎኑ በአንድ ዓይን ይሣላል። ከላዩ የሐረግ ጌጥ በቀይ፣ በቢጫና በአረንጓዴ ተጠልፏል። ሰዓሊው ከጸሐፊው የተለየ ሰው መሆኑ ያስታውቃል፤ ሥዕሉ ያረፈበት ቅጠልም ከጥራዙ ጋር አብሮ የታጠፈ አይደለም፣ በኋላ ተጨምሮ የተሰፋ ነው።

የዳዊት ጉንጭ ግን የለም። ልጅ ሁሉ ትምህርቱን ሲጀምር ይሳለመዋል፣ ሲጨርስ ይሳለመዋል። ከአፍንጫው በታች ያለው ቀለም ተልጦ ነጩ ብራና ወጥቷል። ሁለቱ ዓይኖች ብቻ እንደ ዱሮው ፈጠው ይመለከታሉ።

«ገዢ መጥቶ ነበር» አሉ አባባ። «መጽሐፉን ሁሉ አንፈልግም፣ ይችን ቅጠል ብቻ ቆርጠህ ስጠን አሉኝ።» ምን እንደመለሱላቸው አልነገሩኝም። መጽሐፉ ከነቅጠሉ ጭናቸው ላይ ነበረ።

አዲስ አበባ ውስጥ፣ ለባዕዳን ቅርሳ ቅርስ በሚሸጥበት አንድ ሱቅ፣ በመስታወት የተለበጠ እንዲህ ያለ ቅጠል ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ አይቻለሁ። በገናውም ዙፋኑም ነበር። የታችኛው የቀኝ ጥግ ግን ለክፈፉ እንዲመች ተቆርጧል። ቀለሙን አስበው፣ አውራ ጣቱን ጣሉት። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ከአገር ማውጣትን ይከለክላል፤ ቅጠሉን ከመጽሐፉ የለየው መቀስ ግን ድንበር ጋ ሳይደርስ ሥራውን ጨርሷል።

እንግሊዞች የእጅ ሥራ የሆነ የልጅ መጽሐፍን እንዴት እንደሚያከብሩ ዓለም ያውቃል። ቻርልስ ዶጅሰን የተባለው የኦክስፎርድ የሒሳብ መምህር፣ በብዕር ስሙ ሉዊስ ካሮል፣ ለአንዲት አሊስ ለምትባል ልጅ የነገራትን ተረት በእጁ ጽፎ፣ 37 ሥዕል በእጁ ሥሎ፣ በኅዳር 1864 እ.ኤ.አ. በስጦታ ሰጣት። በማግስቱ ዓመት ታሪኩ ሰፍቶ፣ በሌላ ሰዓሊ ሥዕል ታትሞ ወጣ፤ ከዚያ ወዲህ በየአገሩ ቋንቋ ልጆች ያነቡታል። አሊስ አርጅታ ችግር ሲገጥማት በ1928 የእጅ ጽሑፉን በጨረታ ሸጠች፤ 15,400 ፓውንድ አወጣና ወደ አሜሪካ ተሻገረ። በ1948 አሜሪካውያን ገንዘብ አዋጥተው ገዙትና፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለከፈለችው መሥዋዕትነት ምስጋና ይሁን ብለው ለእንግሊዝ መለሱላት። ዛሬ ለንደን በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛል።

እዚያው ብሪቲሽ ላይብረሪ ውስጥ ከመቅደላ የተወሰዱት መጻሕፍት አሉ። ካሮል ለአሊስ መጽሐፉን በሰጣት በአራተኛው ዓመት፣ በ1868 እ.ኤ.አ.፣ በናፒየር የሚመራው የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሰብሮ አፄ ቴዎድሮስ የሰበሰቡትን ዘረፈ፤ ዘረፋው በዝሆንና በበቅሎ ወርዶ ደላንታ ሜዳ ላይ በጨረታ ተቸበቸበ። 350 ያህል የብራና መጻሕፍት በዚያው ቤተ መጻሕፍት ተቀመጡ፤ ከመካከላቸው ዳዊቶች አሉ። ከተወሰዱት አንድ ክብረ ነገሥት በ1872 ለአፄ ዮሐንስ ተመልሷል። የአንዲት እንግሊዛዊት ልጅ መጽሐፍ ውቅያኖስ ተሻግሮ ወደ ቤቱ ሲገባ ደስ ይለኛል፤ ያን ያህል ደግሞ የእኛዎቹ ልጆች መጽሐፍ መቼ እንደሚመጣ መጠየቅ መብቴ ነው ብዬ አምናለሁ።

*

ዳዊት ከእጅ ወደ ማተሚያ የተሻገረበት ታሪክም ከአገር ቤት ርቆ ይጀምራል። በግዕዝ ፊደል መጀመሪያ የታተመው መጽሐፍ ዳዊት ነው፤ ሮም፣ 1513 እ.ኤ.አ.። ዮሐንስ ፖትከን የተባለ የኮሎኝ ካህን በሮም የነበሩ የኢትዮጵያ መነኮሳት ሲያዜሙ ሰምቶ ተማረከ፤ ቶማስ በተባለ ኢትዮጵያዊ መነኩሴ እየታገዘ ፊደሉን አስቀርጾ አሳተመው። ከ300 ዓመት በኋላ፣ በ1815፣ የእንግሊዝ የመጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር ለንደን ላይ ሌላ የግዕዝ ዳዊት አወጣ። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን አንኮበር ላይ የነበሩት እንደ ክራፍ ያሉ ሚሲዮናውያን የታተመ መጽሐፍ ይዘው ወደ ሸዋ ገቡ። ሆኖም ወረቀት ብራናን ለመተካት ገና ብዙ ጊዜ ነበረው።

የተካው ከዚሁ ከሰሜን ሸዋ የወጣ ሰው ነው። በየቤታችን ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ያደግንበት የፊደል ገበታ ግርጌ ላይ ያለውን ስም የማያውቅ የለም፤ ተስፋ ገብረ ሥላሴ ዘብሔረ ቡልጋ። እንደሚተረክላቸው፣ በወጣትነታቸው ፊደሉን በእጃቸው እየጻፉ ለተማሪ ይሸጡ ነበር፤ ኋላ በስማቸው ማተሚያ ቤት አቋቁመው ያንኑ ፊደል፣ ዳዊቱን፣ ውዳሴ ማርያሙን፣ የአንድምታ ትርጓሜውን በወረቀት አበዙት። ሀ ሁ፣ አ ቡ ጊ ዳ፣ ፊደለ ሐዋርያ፤ ተራው የየኔታ ተራ ነው፣ የተለወጠው ቁሱ ብቻ ነው። አንድ ሰው በእጁ የጻፈው ገበታ ተባዝቶ የአገር ሙሉ ልጅ መጀመሪያ የሚገልጠው ጽሑፍ ሲሆን ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አላውቅም። የካሮል መጽሐፍ ልጅን ሲያዝናና፣ የቡልጋው ገበታ ልጅን አንባቢ አደረገ። ለእኔ ሁለተኛው ይበልጥብኛል።

መንዝም የራሷን ሰጥታለች። ከበደ ሚካኤል በ1909 ዓ.ም. የተወለዱት መንዝ፣ ገርም ገብርኤል ነው። በልጅነታቸው የቤተ ክህነቱን ትምህርት አይተው፣ ኋላ አዲስ አበባ በፈረንሳይኛ ተማሩ። ከብዕራቸው የወጣው «ታሪክና ምሳሌ» ትምህርት ቤት ገብቶ፣ አንድ ትውልድ ግጥሙን በቃሉ ይዞ አደገ። ስንኞቹን እያነበብኩ ሁልጊዜ የሚሰማኝ ነገር አለ፤ ለጆሮ የተጻፉ ናቸው፤ ልጅ ጮኾ እንዲላቸው፣ ተነሥተው እንዲወድቁ። ይህን የመንዝ የኔታ ጆሮ ሥራ ነው ብል ማረጋገጫ አላቀርብም፣ ግን እንደዚያ አምናለሁ።

አባባ ልጆቻቸውን ያስተማሩት በወረቀት ዳዊት ነው። ብራናው ኩላቡ ላይ ቀረ፤ ለጸሎት፣ ለመሐላ፣ ለታመመ ራስጌ። «ወረቀቱ ይቀደዳል፣ ይጣላል፣ ሌላ ይገዛል» አሉ። «ይኸ ቢጠፋ ግን የት ይገዛል?»

ጥያቄው አዲስ አይደለም። በ1973 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍትን በማይክሮፊልም የማንሣት ሥራ ተጀምሮ፣ እስከ 1990ዎቹ ከ9,000 በላይ መጻሕፍት ፊልም ተነሡ፤ ብዙዎቹ ከሸዋ አድባራትና ገዳማት ናቸው። ስለ ኢትዮጵያ የመጽሐፍ ሥራ ጥበብ መጽሐፍ የጻፉት ሥርግው ሀብለ ሥላሴ በሥራው ግንባር ቀደም ነበሩ። ሚኔሶታ ውስጥ ተቀምጠው ዝርዝራቸውን በማውጣት ዕድሜያቸውን የሰጡት ደግሞ የሸንኮራው ልጅ ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። በ1968 ዓ.ም. በደርግ ወታደሮች ጥይት ተመትተው ከወገባቸው በታች ሽባ ሆኑ፤ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆነው እስከ 2013 ዓ.ም. ዕረፍታቸው ድረስ ከዚያ ፊልም ላይ ዓይናቸውን አላነሡም። እሳቸው ባይኖሩ ብዙው ገድልና ድርሳን ስሙ እንኳ አይታወቅም ነበር።

ፊልም ግን የሚያየው ጽሑፍን ነው። አንድ ዳዊት ከሌላው ዳዊት ጋር ጽሑፉ ያው ነው፤ በዚያ ላይ በአገራችን ከዳዊት የበዛ የብራና መጽሐፍ የለም። ስለዚህ መዝገብ ሠሪው ዕድሜውንና ሥዕሉን ጽፎ ቢያልፍ አይፈረድበትም፤ ሥዕል የሌለው፣ ገበታው የተሰበረ፣ ጥጉ የጠቆረ የገበሬ ቤት ዳዊት ደግሞ መዝገቡ ላይም አይደርስ። እኔ የምለምነው ለዚያኛው ነው። በየወረዳው ቅርስ የሚመዘግቡ ሰዎች፣ በየአጥቢያው ያሉ ካህናት፣ ካሜራ ያለው ስልክ የያዘ የመንደሩ ወጣት፣ እባካችሁ ዳዊት ስታገኙ ሥዕሉን ብቻ አታንሡ። ጥጎቹን አንሡ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው። የተፋቀውን ስም አንሡ። ባለቤቱን ማን ማን እንደተማረበት ጠይቁና በስማቸው ጻፉ፤ ያን የሚያስታውሱት ሰዎች በየዓመቱ እያነሱ ነው። ከአባባ ጋር የተማሩት ሁለቱ የአጎት ልጆች ዐርፈዋል።

ከሰዓት በኋላ አባባ ገበታውን ሊጠግኑ ተነሡ። ጅማቱ ከትናንት ጀምሮ ውኃ ውስጥ ሲለሰልስ ውሎ አድሯል። ወስፌያቸውን አወጡ፤ አሮጌውን ስፌት ቆርጠው ሳቡ፣ ሁለቱ የእንጨት ስንጣሪዎች ተላቀቁ። በነዚያው በዱሮዎቹ ቀዳዳዎች ነው የሚሰፉት፣ አዲስ አይበሱም። ለዚህ ሦስተኛ እጅ ያስፈልጋል። የልጅ ልጃቸው፣ አራተኛ ክፍል ነው፣ ተጠርቶ መጣ። እጁን ታጠበ። ወዲያ ማዶ ተቀምጦ ገበታዎቹን በሁለት መዳፉ ገጥሞ ያዘ፤ መጽሐፉ ፊቱ ላይ ተገልብጦ ተዘርግቷል።

«ዝም ብለህ አትያዝ፣ እያልክ» አሉት።

ልጁ ከቀዩ መስመር ጀመረ፤ ፊደል ፊደሉን፣ ከግርጌ ወደ ላይ። ሦስተኛው ቃል ላይ ድምፁን ሳያስፈልግ አነሣው።

«ወዳቂ ነው» አሉ አባባ፣ ጅማቱን በጥርሳቸው እንደያዙ፣ ቀና ሳይሉ።

ልጁ መለሰና አነበበው።